የዛገ ብሎን ከጀልባ መሪ ላይ ማውጣት

የእንጨት መሪ ቫርኒሽ ሲታደስ ጊዜ የሚበላው ቫርኒሹ ሳይሆን ብሎኑ ነው። የባለሸራ ጀልባ መሪ ከኋላ በማጠፊያ ተንጠልጥሎ አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ጭንቅላቱ ደህና የሚመስል ብሎን እንጨቱ ውስጥ ወገቡ ተበልቶ ይገኛል። የማይዝግ የሚባለው ብረት እንኳ ከዚህ አያመልጥም፤ የሚጠብቀው ስስ ሽፋን ራሱን የሚያድሰው ኦክስጅን ሲያገኝ ስለሆነ፣ እርጥብ እንጨት ውስጥ ሲታፈን ይሸነፋል። የናስ ብሎን ደግሞ ሲሶ ያህሉ ዚንክ ነው። ጨዋማ ውሃ ዚንኩን በልቶ መዳቡን ብቻ ይተወዋል። ጭንቅላቱን ፋቅ አድርጌ በቢጫው ፈንታ ሮዝ ቀለም ካየሁ ጉልበት አልጠቀምም፤ እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረከሳል።

መጀመሪያ የጭንቅላቱን ስንጥቅ ከአሮጌ ቫርኒሽ በመርፌ ጫፍ አጸዳለሁ፤ ካቻቢቴው እስከ ታች ሞልቶ መግባት አለበት። ከዚያ የስታኞ ማቅለጫውን ጫፍ ጭንቅላቱ ላይ አሳርፌ እጠብቃለሁ። ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ከእንጨቱ ጋር ያጣበቀው ዝገትና አሮጌ ማጣበቂያ የሚላቀቀው በዚህ ነው። እንጨቱ ጢስ ማውጣት ከጀመረ አልፏል ማለት ነው፣ ወዲያው ይነሳ። ሲበርድ መጀመሪያ ትንሽ ወደማጥበቂያው አዞራለሁ። «ቀጭ» የምትል ድምፅ ከተሰማች ብሎኑ ተሸንፏል፤ ከዚያ ወደ መፍቻው ቀስ እያልኩ ወጣ ገባ አደርገዋለሁ። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ብዙዎች ይወዳሉ፤ እኔ እንጨት አጠገብ አላቀርበውም። እንጨቱ ከጠጣው በኋላ ቫርኒሽም ኢፖክሲም (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክር ማጣበቂያ) በደንብ አይዝም።

ተሻግሮ የሚያልፍ ብሎን ከሆነ ዳዶውን ከጫፉ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ እፈታና በዳዶው ላይ ጠንካራ እንጨት አስደግፌ በመዶሻ እመታለሁ። ጥርሱ እንዳይጨፈለቅ ነው።

ውስጥ የተሰበረውን መቆፈር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከብሎኑ ትንሽ የሚሰፋ ስስ የብረት ቱቦ ጫፉን በሞረድ ጥርስ አወጣለትና ትራፓኖ ላይ አስራለሁ። ቱቦው እንዳይንሸራተት ቀዳዳ ያለው ጣውላ በመያዣ መሪው ላይ አጠብቃለሁ። ትራፓኖውን ወደ መፍቻው አቅጣጫ ሳዞረው ቱቦው ብሎኑን ከብቦ ይበላል፤ አንዳንዴም ስባሪውን ነክሶ ይዞት ይወጣል። ቀዳዳው በኢፖክሲ በተለወሰ የእንጨት ውታፍ ይደፈናል፤ የውታፉ የእንጨት መስመር ከመሪው የእንጨት መስመር ጋር መግጠሙን ሳላይ አልመታውም።

ኦክ በሚባለው እንጨት ላይ ብረት የተወው ጥቁር እድፍ በኦክሳሊክ አሲድ ይለቃል። መርዛም ስለሆነ ጓንት የግድ ነው፣ ኋላም በውሃ በደንብ ይታጠባል።

አዲሶቹን ብሎኖች ከማጠፊያው ጋር አንድ ዓይነት ነሐስ (ከናስ የተለየ የመዳብ ቅይጥ) አደርጋለሁ፤ ሁለት ዓይነት ብረት ጨው ውሃ ውስጥ ከተገናኘ አንዱ ሌላውን ያስበላዋል። ማጠፊያዎቹን ከማውለቄ በፊትም ዙሪያቸውን እንጨቱ ላይ በሹል ነገር ጭሬ አሰምራለሁ፤ መሪው የሚዞርባቸው የማጠፊያዎቹ ፒኖች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ካልቆሙ መሪው አይዞርም።