«ጨጓራ» ያልኩት የሐሞት ጠጠር

ደሴ ውስጥ ከእምብርት በላይ የሚያም ሁሉ «ጨጓራ» ይባላል፤ እኔም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ስውጥ ከረምኩ። የለየልኝ ደብተር ነው። የበላሁትን፣ ሕመሙ የጀመረበትንና የለቀቀበትን ሰዓት ጻፍኩ። ማቃጠል አልነበረም፤ ቅባት የበዛበት ከበላሁ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት፣ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ጨምድዶ ይይዘኛል፤ ወደ ቀኝ ትከሻዬ ጀርባ ይወጣል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይለቃል።

ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። የሐሞት ከረጢቱ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ያጠራቅምና ቅባት አንጀት ሲደርስ ተኮማትሮ ይለቀዋል። ያኔ ጠጠር አንገቱ ላይ ከተወተፈ ያማል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ይለቃል።

ከአልትራሳውንድ በፊት ለ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ምግብ አይቀመስም። እኔ ቁርስ በልቼ ሄጄ ተመለስኩ፤ የበላ ሰው ከረጢት ስለሚኮማተር ጠጠሩ በደንብ አይታይም።

የተሳሳትኩት ጾም ያሳርፈኛል ብዬ ነው። ቅቤው ይቀራል እንጂ ስልሱም ሽሮውም በዘይት ይዋኛል፤ በረመዳን ጎረቤት የሚልከው ሳምቡሳም ያው ነው። ሽንኩርቱን በውሃ ማቁላላት፣ ለድርሻዬ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ብቻ ማድረግ፣ ጥቂት ጥቂት እየከፈልኩ መብላት ሕመሙን አራራቀው። ጠጠሩን ግን አላሟሟውም። ዘይትና ሎሚ ጠጥተው «ወጣልኝ» የሚሉት አረንጓዴ ድቡልቡል ዘይቱ አንጀት ውስጥ የሠራው ሳሙና ነው፤ ያ ሁሉ ዘይት ከረጢቱን አኮማትሮ ጠጠሩን ቱቦ ውስጥ ሊቀረቅር ይችላል።

«አብሽር፣ ያልፋል» የሚባለው ለሚለቅ ሕመም ነው። ከ6 ሰዓት በላይ የቆየ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል፣ ዓይን ቢጫ ያደረገ፣ ሽንት ያጠቆረ ወይም ሰገራ ያነጣ ከሆነ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጠጠር ኖሮት የማያመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። እየተመላለሰ ሲያም ግን ከረጢቱ በሙሉ ይወጣል፤ ጠጠሩን ብቻ ቢለቅሙት ሌላ ይሠራል። በካሜራ ሲሠራ ሦስት አራት ትንንሽ ቀዳዳ ነው። ሆድ በጋዝ ስለሚነፋ ለጥቂት ቀን ትከሻ ያማል፤ ማንም ስላልነገረኝ ደንግጬ ነበር። ሐሞት ከዚያ በኋላ ከጉበት በቀጥታ አንጀት ይገባል፤ ሰገራ ለጊዜው ሊቀጥን ስለሚችል ቅባቱን ቀስ በቀስ ነው የመለስኩት። ሆድ ተከፍቶ የተሠራለት ሰው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ4 እስከ 6 ሳምንት አያነሳም።