«የት ሙዚየም ነው ያለው?» ተብዬ የዋሸሁበት ቅዳሜ

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ለወጣቶች ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት የታሪክና የቁፋሮ ማስረጃዎች የስድስት ሳምንት ትምህርት አዘጋጅቼ ነበር። አራቱ ሳምንታት በሰላም አለፉ። ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ትምህርት ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው፤ እኔን አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረምና። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዳራሽ ማስፈቀድ፣ ፕሮጀክተር መዋስ፣ በቴሌግራም ማሳወቅ፤ ይህ አንድ ሳምንት በላ፣ አለቀ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የሙት ባሕር ጥቅልሎችን ይዤ ገባሁ። የሰባት ሜትር ገመድ አዳራሹ መሐል ዘረጋሁና «የኢሳይያስ ጥቅልል ከዚህ ትንሽ ይረዝማል» አልኳቸው። በ1947 አካባቢ በደዊን እረኞች በሙት ባሕር ዳር ባለው በቁምራን ዋሻ ያገኙት ነው። ስድሳ ስድስቱም ምዕራፎች አሉበት፤ የተጻፈውም ጌታ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ነው። እስከ ዛሬ በሙሉ ተጠብቆ የቆየው ጥንታዊው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ቅጂ የተጻፈው በ1008 አካባቢ ነበር። በመካከላቸው ከሺህ ዓመት በላይ አለ፤ ጽሑፉ ግን ያው ኢሳይያስ ነው። ልዩነት የለውም አላልኩም። አብዛኛው የፊደል አጣጣል ነው፤ አንዳንዱ ግን የቃል ነው። ምዕራፍ 53 ቁጥር 11 ላይ «ብርሃን» የሚለው ቃል በቁምራኑ ጥቅልልና በግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም አለ፤ በተለመደው ዕብራይስጥ የለም። ልጆቹ ገመዱን ተከትለው ሲራመዱ ያየሁት ፊታቸው አሁንም ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ቅዳሜ የሄኖክ ነበር። አውሮፓውያን ለዘመናት ጠፋ ሲሉት የነበረውን መጽሐፍ የእኛ አባቶች በግእዝ ሙሉውን ይዘው ቆዩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂውን ወደ አውሮፓ ወሰደ። በኋላም በቁምራን አራተኛው ዋሻ የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ወጡ። ሐዋርያው ይሁዳ ቁጥር 14 ላይ የጠቀሰው መጽሐፍ በእርግጥም ከክርስትና በፊት ይነበብ እንደነበር ታየ። አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። አንድ ነገር ግን አልነገርኳቸውም፦ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል በቁምራን አልተገኘም። አውቄው ነበር። እልልታውን ላለማቋረጥ ዋጥኩት። ጥፋቴ የጀመረው ከዚያ ነው እንጂ ከሦስተኛው ሳምንት አይደለም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ስለ ኦሪት ዘፀአት ነበር። ትምህርት ክፍሉ የሰጠኝ የመመሪያ ወረቀት «የወጣቱን እምነት የሚያጠነክሩ ማስረጃዎች ብቻ ይቅረቡ፤ ጥርጣሬ የሚያስነሡ ጥያቄዎች አይነሡ» ይላል። በዚያ ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ ነበር። አንድ ወዳጄ በቴሌግራም የላከልኝን ምስል አስታወስኩ፦ ከቀይ ባሕር ሥር ኮራል የተጣበቀበት ክብ ነገር፣ ከሥሩም «የፈርዖን ሠረገላ መንኮራኩር ተገኘ» የሚል ጽሑፍ። ማን አነሣው፣ ማን ቆፈረ፣ መቼ፤ አንዱንም አልጠየቅኩም። ስላይድ አደረግሁት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር ያስተማርኩት።

ከኋላ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ ማስታወሻ ይይዛል።

«መምህር፣ መንኮራኩሩ አሁን የት ሙዚየም ነው ያለው?»

አላውቅም ነበር። «አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርሃለሁ» ለማለት አምስት ሰከንድ አይፈጅም። አርባ ሰው ያየኛል። «ካይሮ» አልኩት። ልጁ አመሰገነኝና ደብተሩ ላይ ጻፈው። ሲጽፈው አየሁት።

ረቡዕ ሌሊት ቁጭ ብዬ ፈለግሁ። ወሬው የተነሣው የአርኪዮሎጂ ሙያ ከሌለው፣ በሕክምና ነርስነት ይሠራ ከነበረ አንድ አሜሪካዊ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ባሕር ሥር አየሁ አለ። ባለሙያ የመረመረው፣ ሙዚየም የተቀበለው መንኮራኩር የለም። ይኸው ሰው በቱርክ ተራራ ላይ ያለውን የመርከብ ቅርጽ «የኖኅ መርከብ ነው» ሲል ነበር፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ግን የተፈጥሮ አፈጣጠር መሆኑን አሳይተዋል። እሱንም ለሚቀጥለው ዓመት አስቤው ነበር።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ይህ ነው፦ ለዚያ ልጅ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ነበረው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የእስራኤልን ስም የምናገኝበት የታወቀው ጥንታዊ ጽሑፍ የፈርዖን መርኔፕታሕ የድል ሐውልት ነው። የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1208 ገደማ ነው፤ በ1896 እንግሊዛዊው የቁፋሮ ባለሙያ ፍሊንደርስ ፔትሪ ሉክሶር አጠገብ አገኘው፤ የገባውም ካይሮ ሙዚየም ነው። ስለ ባሕሩ መከፈል አንድ ቃል አይናገርም። ግን እስራኤል የሚባል ሕዝብ በዚያን ጊዜ በከነዓን ምድር እንደነበረ ጠላቱ ራሱ ድንጋይ ላይ ቀርጾ መስክሯል። ይህን አውቄ ብሆን ኖሮ «ካይሮ» የሚለው ቃል ከአፌ እውነት ሆኖ ይወጣ ነበር።

አራተኛው ቅዳሜ ልጁ ወረቀት አትሞ መጣ። እኔ ያገኘሁትን እሱም አግኝቶታል። በትሕትና ነበር የጠየቀው፤ «መምህር፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል…» ብሎ ጀመረ። በዚያች ደቂቃ ስህተቴን ማመን ነበረብኝ። እኔ ግን «ወንድሜ፣ ጥርጣሬ ከማን እንደሚመጣ ታውቃለህ» አልኩት። የተወሰኑ ልጆች ሳቁበት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከመዝጊያው ጸሎት በፊት ወጣ።

ምስሉን ማሳየቴ ስህተት ነው፤ ስህተት ይታረማል። ልጁ ልክ እንደነበረ እያወቅሁ የሰይጣን ደቀ መዝሙር ማስመሰሌ ግን ኃጢአት ነው፤ ለንስሐ አባቴም ያልኳቸው ይህንኑ ነው።

ሰኞ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄጄ በይፋ ላርመው እንደምፈልግ ነገርኩት። «ተወው፣ ይረሱታል፤ አሁን ብታነሣው እምነታቸውን ታናጋለህ» አለኝ። እስካሁን ይህ ንግግር ያበሳጨኛል። በሐሰት መንኮራኩር ላይ የቆመ እምነት ቢነቃነቅ ይሻለዋል። ለነገሩ ልጆቹ እኮ ስልክ አላቸው፤ እኛ ዝም ብንል ከሌላ ይሰሙታል፣ ያኔ ጥቅልሉንም ሄኖክንም አብረው ይጥሉታል።

ያጽናኑኝ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። ቁፋሮ አያውቁም። የነገርኳቸውን ሁሉ ጸጥ ብለው ሰሙና «የትርጓሜ መምህራን እኮ ብራና ከብራና ሲለያይ አይደብቁም፤ እንዲህ የሚል አብነት አለ ብለው ሁለቱንም ይፈቱታል። አንተ ምን አስፈራህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አምስተኛው ቅዳሜ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ምስሉ ሐሰት መሆኑን፣ ካይሮ ያልኩት ከራሴ መሆኑን፣ ልጁ ትክክል እንደነበረ፣ የሄኖክንም የተደበቀ ክፍል። ከዚያ የጲላጦስን ድንጋይ አሳየሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ማን፣ የት፣ መቼ፣ አሁን የት እንዳለ አስቀድሜ እየነገርኩ። በ1961 ጣሊያናውያን ቆፋሪዎች በቂሳርያ ቲያትር ውስጥ አገኙት፤ አሁን ኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም አለ። ጲላጦስ የይሁዳ ሹም እንደነበረ በላቲን ተጽፎበታል። ቀጥዬም ማንችስተር ያለችውን፣ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር የማትሞላ የፓፒረስ ቁራጭ አሳየሁ፤ ብዙ ሊቃውንት የሁለተኛው ክፍለ ዘመን የሚሏት የዮሐንስ ወንጌል ቅጂ ናት፣ የያዘችውም ይኸው ጲላጦስ ጌታን ሲመረምር ነው። «ይህ ትንሣኤን ያረጋግጣል?» ብዬ ራሴ ጠየቅሁ፤ «አያረጋግጥም፤ ወንጌሉ የሚናገረው በእውነተኛ ቦታ ስለነበሩ እውነተኛ ሰዎች መሆኑን ያሳያል» አልኳቸው። እልልታ አልነበረም። ጥያቄው ግን እስከ ማታ አላለቀም።

የመጨረሻው ሳምንት የይሁዳው ንጉሥ የሕዝቅያስ ነበር፤ የምኮራበት ትምህርት ነው። የአሦሩ ንጉሥ ሰናክሬም በሸክላ ላይ 46 ከተሞች እንደያዘ፣ ሕዝቅያስንም በቀፎ እንዳለች ወፍ በኢየሩሳሌም እንደዘጋበት ይፎክራል፤ ከተማይቱን ያዝኩ ግን አይልም። ሕዝቅያስ የከፈለው የወርቅ ግብር በሸክላውም በመጽሐፍ ቅዱስም 30 መክሊት ነው። ብሩ ግን በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ 300፣ በእሱ 800 ነው። ልዩነቱንም ጻፍኩላቸው።

እንግዲህ ምክሬን ከፈለጋችሁ፣ መመሪያው ከሚለው ተቃራኒ ነው። ከከባዱ ጀምሩ። እንግሊዛዊቷ የቁፋሮ ባለሙያ ካትሊን ኬንዮን በ1952 እና በ1958 መካከል ኢያሪኮን ቆፍራ የፈረሰውን ከተማ ከክርስቶስ በፊት 1550 ገደማ አድርጋዋለች፤ ይህ ብዙዎች ለኢያሱ ከሚሰጡት ዘመን ይቀድማል። ይህን ከእናንተ ይስሙት። «አረጋገጠ» የሚለውን ቃል ከስላይዳችሁ አውጡና «ይስማማል» በሉ። የተላከላችሁን ምስል፣ ካህንም ቢልከው፣ የተገኘበትን ዓመትና ያለበትን ቦታ ሳታገኙ አታሳዩ። በዋሽንግተን ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም እንኳ የሙት ባሕር ናቸው ያላቸው 16 ቁርጥራጮች በሙሉ ሐሰተኛ መሆናቸውን በ2020 በይፋ ተናግሯል። እነሱ ስህተታቸውን በአደባባይ ካመኑ እኔ በአርባ ልጆች ፊት ለማመን ሁለት ሳምንት መፍጀት አልነበረብኝም።

በዋሸሁ ቀን አርባ ሰው ነበር። ባረምኩ ቀን ሠላሳ አንድ። ልጁ ከሠላሳ አንዱ አልነበረም። መልእክት ጽፌለት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር» ብሎ መልሷል፤ ወደ ጉባኤው ግን አልተመለሰም። የቀሩትን ስምንት ስማቸውን ከመዝገብ አውጥቼ እየደወልኩ ነው። አምስቱን አግኝቻለሁ።