«ይህን በምን ታስረጂያለሽ?»፦ ስድስት ሳምንት በደብረ ብርሃን ጠበቃ ቢሮ

አራተኛ ዓመት ያላችሁ የሕግ ተማሪዎች «ኤክስተርንሺፕ (ከመመረቅ በፊት ያለው የተግባር ልምምድ) የት ልውጣ?» እያላችሁ ስትመካከሩ ስለሰማሁ የእኔን ልንገራችሁ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ገብቼ ሰኔ መጨረሻ ላይ ወጣሁ፤ ደብረ ብርሃን፣ አንድ የጥብቅና ቢሮ። አብዛኞቹ የክፍሌ ልጆች ፍርድ ቤትና ዐቃቤ ሕግ መረጡ። እኔ ጠበቃ ጋ የሄድኩት ነገር መዝገብ ሆኖ ቁጥር ከማግኘቱ በፊት ምን እንደሚመስል ማየት ስለፈለግሁ ነው። ደንበኞቹን የሚያስለይ ነገር ሁሉ ቀይሬአለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተነገረኝ ምስጢር መጠበቅ ነው።

ቢሮው ሁለት ጠበቆችና አንዲት ጸሐፊ አሉበት። ጠበቆቹ የቤት ኪራይ ይጋራሉ እንጂ ፈቃዳቸውም ደንበኛቸውም ለየብቻ ነው። ክፍል ውስጥ የተማርነው፣ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፈቀደው የጥብቅና ድርጅት፣ እዚህ የለም። እኔን የያዙኝ ትልቁ ጠበቃ ናቸው፤ እኔም እንደ ሌላው ሁሉ ጋሼ እላቸው ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ፋይል ማስተካከልና የቀጠሮ መዝገብ መሙላት ብቻ ነበር። ይህንንማ ማንም ይሠራዋል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሐሙስ ዕለት ችሎት ላይ የሰማሁትን ተለዋጭ ቀጠሮ በማስታወሻዬ ይዤ መጥቼ መዝገቡ ላይ ሳላሰፍረው ወደ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ እትዬ ማታ ፋይሉን ሲያገላብጡ ደርሰውበት በራሳቸው እጅ ጻፉት። በማግስቱ ጋሼ አልተቆጡኝም፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ሰጥተው ቁጥር 73ን ጮክ ብዬ እንዳነብ አዘዙኝ። ተከሳሽ ቀርቦ ከሳሽ ከቀረ መዝገቡ ይዘጋል። አንድ ሰው ከጣርማበር ማዶ ሌሊት ተነሥቶ የመጣበት ጉዳይ እኔ አንድ መስመር ሳልጽፍ በመቅረቴ ሊዘጋ ይችል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጠሮ ስሰማ እዚያው ችሎቱ በር ላይ ቆሜ ሁለት ቦታ እጽፋለሁ።

ከስድስቱ ሳምንት ሁሉ የማልረሳው የአንዲት እናት ጉዳይ ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከአንጎለላ በኩል በጠዋቱ ብርድ ተጉዘው መጡ። ሁለት በሬ ሸጠው ከያዙት ገንዘብ 35 ሺህ ብር ለአበልጃቸው ልጅ አበድረዋል። ልጁ ባጃጅ ለመግዛት ነው ያለው። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ ገንዘቡ የለም፤ ስልክም አያነሣም። «በእጄ ቆጥሬ ነው የሰጠሁት፤ የንስሐ አባቴ ተቀምጠው፣ ሦስት ጎረቤቶቼም እያዩ» አሉ።

ጋሼ ደንበኛ ሲያናግሩ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ብዕር አይነኩም። እኔ ግን ሴትዮዋ አፋቸውን ሲከፍቱ ጀምሬ እየጻፍኩ ነበር፤ ቀና ስል የሚያወሩት ለእኔ ሳይሆን ለወረቀቱ ሆኖ አገኘሁት፤ እጄ ሲፈጥን እሳቸውም ይፈጥናሉ። ጋሼ በዓይናቸው ጠቀሱኝ፣ ብዕሩን አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ነው ልጁ ባለፈው ፋሲካ ቤታቸው መጥቶ «ትንሽ ታገሱኝ» ብሎ እንደነበር የተናገሩት። ይህን የሰማነው ማንም ስላልጠየቃቸው ነው።

ክሱን እንድጽፍ ተሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ጻፍኩ፤ ስድስት ገጽ ሆነ። የበሬዎቹ ሽያጭ፣ የአበልጅነቱ ታሪክ፣ የሴትዮዋ የመበለትነት ኑሮ፣ ሁሉም አለበት። በሥርዓቱ መሠረት ሥልጣኑን፣ የክሱን ምክንያት፣ የሚጠየቀውን ዳኝነት ጽፌ፣ ከግርጌው በቁጥር 92 መሠረት በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ ብዬ ዘጋሁ። በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ አራት ምስክሮች፣ አንደኛ የንስሐ አባት። ጋሼ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፦ «ይህን በምን ታስረጂያለሽ?» ገንዘቡ ተሰጠ የሚለው አንቀጽ ጋ ሲደርሱ ግን ቁጥር ጨመሩ፤ 2472።

የውል ሕግን በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። ግን ቁጥሩን ሳየው አላስታወስኩትም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ እምነት (ተበዳሪው ራሱ «አዎ፣ ተበድሬአለሁ» ብሎ በማመኑ) ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው፤ 500 ብር ያኔ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ዛሬም 500 ነው። አራቱ ምስክሮቼ፣ የንስሐ አባትም ጭምር፣ ለዚህ ብድር አይጠቅሙም። በገጠሩ ወረቀት ማስፈረም ዘመድን እንደ መጠራጠር ይቆጠራል። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው፤ ሰው በቤቱ የሚያደርገው ሌላ።

ይህ ነገር አሁንም ያሳስበኛል። «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል» እያለ ያደገ ሕዝብ ነው፤ ሆኖም ብድርን ከማመን ጋር አስተሳስሮታል። ስለ ውል ሕግ የምናጠና ሁሉ እድርና ጽዋ ማኅበር ላይ ይህችን ቁጥር 2472 ብቻ ብንናገር ስንት ክርክር እናድን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጋሼ ሴትዮዋን መልሰው አስጠሩ። «እማማ፣ ልጁ ታቦት ፊት በሐሰት ይምላል?» አሏቸው። ጥቂት ዝም ብለው «አይምልም» አሉ። ጋሼ መንገዶቹን አንድ በአንድ አስረዷቸው። ክስ መሥርቶ ልጁን መሐላ ላይ ማቆም ይቻላል፤ ከማለ ግን ነገሩ አበቃ። ስለዚህ መጀመሪያ በዚሁ ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንስጠው፣ በጎን ደግሞ ሽማግሌ እንላክ። ማስጠንቀቂያውን እኔ ጻፍኩት፤ ግማሽ ገጽ። ምን ያህል፣ መቼ፣ ለምን፣ እስከ መቼ ይከፈል። በዚህች ግማሽ ገጽ ላይ ካለፈው ስድስት ገጽ የበለጠ ደከምኩባት።

በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ራሱ ቢሮ መጣ። ሽማግሌ ሆነው ይዘውት የመጡት እኔ በምስክርነት የቆጠርኳቸው የንስሐ አባትና ከጎረቤቶቹ ሁለቱ ናቸው። ልጁ አልካደም፤ አፍሮ ነው የጠፋው። ባጃጁ ገና ሙሉ ክፍያው አላለቀም። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲነጋገሩ ውለው በሦስት ጊዜ እንዲከፍል ተስማሙ፤ የመጀመሪያው ገብሱ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ።

የስምምነቱን ወረቀት ጋሼ ለእኔ ሰጡኝ። ከመጻፌ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ልጁ ማንበብና መጻፍ ይችላል?» ቁጥር 1728ን አስታወስኩ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም አሻራ በአዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ። ብድሩን መቀበሉን፣ ያለበትን ዕዳ መጠን በአኃዝና በፊደል፣ ሦስቱን የክፍያ ቀናት። ሁለቱ ጎረቤቶች በምስክርነት ፈረሙ። ለብድሩ ምስክር መሆን ያልቻሉት ሰዎች ለወረቀቱ ምስክር ሆኑ። ጋሼ አንድ ቀይ ምልክት ሳያደርጉበት መልሰው ሰጡኝ።

ሌላውን ባጭሩ ልለፈው። ሰኔ ሲገባ ገበሬው ሁሉ ይቸኩላል፤ ዝናቡ መሬቱን አርሶታል፣ ድንበር ተገፋ የሚሉ ጉዳዮችም ይበዛሉ፤ የይዞታ ደብተር በፌስታል ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አንድ አዛውንት ችሎት ፊት ኩታቸውን አደግድገው፣ አያቴ ስለ ድሮው የተጠየቅ ሙግት ሲያወሩኝ እንደነበረው፣ በዜማ በሚመስል ቃል ሲናገሩ ሰማሁ። ዳኛዋ በትዕግሥት ሰሟቸውና «አባቴ፣ ማስረጃው የት ገጽ ላይ ነው?» አሏቸው። ለእኔም የተጠየቀ መሰለኝ።

ለምትወጡት የምመክረው፦ ከተቻለ ችሎት ብቻ ሳይሆን ደንበኛ የሚቀበል ቢሮ ፈልጉ፤ የጻፋችሁትን የመጀመሪያ ክስ ደግሞ አትጣሉት። እኔ ስድስቱን ገጽ ከነቀዩ እስክሪብቶ አስቀምጬዋለሁ።

ሴትዮዋ ስምምነቱን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ከዚያ አጣጥፈው ከይዞታ ደብተራቸው ጋር በአንድ ፌስታል ከተቱት። የመጀመሪያው ክፍያ ጥር 30 ነው። ቀኑን በስልኬም በቀጠሮ መዝገቡም ላይ ጽፌዋለሁ፤ ለእትዬም ነግሬአቸዋለሁ።