ከሊስበርግ እስከ ሂልስቦሮ፦ ትንንሽ የወይን ጠጅ መጥመቂያዎችን መጎብኘት እንዴት እንደተማርኩ

ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በ7 ቁጥር መንገድ ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው፣ ሊስበርግን አልፎ በ9 ቁጥር መንገድ ወደ ሂልስቦሮ ሲታጠፍ፣ ከፊቱ የብሉ ሪጅ ተራሮች ይታዩታል፤ ግራና ቀኙም በየመሀሉ የወይን ማሳ ይሆንበታል። አካባቢው የቨርጂኒያው ላውደን ካውንቲ ሲሆን ከ40 በላይ የወይን ጠጅ መጥመቂያዎች አሉበት፤ ብዙዎቹም ባልና ሚስት ወይም አንድ ቤተሰብ የሚያስተዳድሯቸው ናቸው። ለዓመታት ምልክታቸውን እያየሁ አልፍ ነበር እንጂ ገብቼ አላውቅም ነበር። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ የመጀመሪያው ጉዞ ጉብኝት ሊባል የሚችል ባይሆንም።

ያን ጊዜ ሰባት ሆነን በሁለት መኪና የወጣነው በጥቅምት አጋማሽ፣ ቅዳሜ ቀን ነበር። የዛፉ ቅጠል ቀልቶ አገሩ የሚያምርበት ወቅት በመሆኑ የዋሽንግተን ሰው ሁሉ የእኛኑ ሐሳብ አስቦ ኖሯል። አምስት ቦታ ልናዳርስ አቅደን፣ በአንደኛው ቀጠሮ ስላልያዝን ከበር ተመለስን፤ በሁለተኛው ሙዚቃው ከመጮኹ የተነሣ የምትቀዳልን ልጅ ስለ ወይኑ የምትናገረውን መስማት አልቻልንም፤ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ደግሞ ምላሳችን ቀዩን ከነጩ መለየት አቁሞ ነበር። ሒሳቡን የሠራሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ለቅምሻ የሚቀዳው አንድ ጊዜ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ አምስት ዓይነት ሲቀመስ 150 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ ብርጭቆ ይሆናል። አምስት ቦታ መሄድ ማለት እንግዲህ አምስት ብርጭቆ ጠጥቶ በጠመዝማዛ የገጠር መንገድ መመለስ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በቀን ከሁለት ቦታ በላይ አልሄድም፤ የሚነዳው ሰውም ከቤት ሳንወጣ ይታወቃል፣ እርሱም ወይ አይቀምስም ወይ ለዚሁ በተቀመጠው ዕቃ ይተፋል።

ሁለተኛው ጉዞ በመጋቢት ወር፣ ዓርብ ቀን፣ አስቀድሜ ስልክ ደውዬ የሄድኩት ነው። ከእኔና ከባለቤቴ በቀር እንግዳ ስላልነበረ የመጥመቂያው ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ራሳቸው ቀዱልን። ከአንድ ማሳ የተለቀመ፣ አንድ ዓይነት ወይን፣ ካበርኔ ፍራንክ የሚባለውን፣ የ2018ንና የ2019ን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ጎን ለጎን አቀረቡልን። የ2018ቱ ቀለሙ የሳሳ፣ ጣዕሙም ቀለል ያለ ነበር፤ የ2019ኙ ግን ጠቆር ያለና አፍ የሚሞላ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው በ2018 በቨርጂኒያ ዝናቡ ከመጠን ያለፈ በመሆኑ ፍሬው ውኃ አዝሎ ጣዕሙ ቀጠነ፣ በ2019 ግን መጨረሻው ደረቅና ፀሐያማ ስለነበር ፍሬው በደንብ በሰለ አሉን። የ2020ንም ስንጠይቅ ሳቁ፤ በግንቦት ወር የወረደ ውርጭ ገና ያቆጠቆጠውን ለጋ ቅርንጫፍ ስለመታባቸው የዚያን ዓመት ምርት ያገኙት ጥቂት ነው። አንድን ወይን በሁለት ዓመት መቅመስ አሥር ዓይነት ከመቅመስ የበለጠ እንዳስተማረኝ ስለማምን፣ አሁን የትም ስገባ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «የአንዱ ወይን ሁለት ዓመት አላችሁ?» የሚል ነው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጣዕማቸው በየዓመቱ እንዳይለያይ ከብዙ ማሳ እያቀላቀሉ ይጠምቃሉ፤ የትንሹ መጥመቂያ ጠርሙስ ግን ብዙውን ጊዜ የማሳውን ክረምትና በጋ እንዳለ ይዞ ይመጣል።

በዚህ እርጥበት ወይን ማብቀል ድሮም ቀላል አልነበረም። ጣሊያናዊው ፊሊፖ ማዜይ በ1773 መጥቶ በቶማስ ጄፈርሰን ርስት አጠገብ ወይን ቢተክልም፣ የጄፈርሰንም ሙከራ ቢደጋገም፣ የአውሮፓው ሐረግ እዚህ አልጸናም፤ ሥሩን የምትበላ ፊሎክሴራ የምትባል ጥቃቅን ተባይ እንዳለች ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ የአውሮፓው ወይን ተባይዋን በሚቋቋመው በአሜሪካው ወይን ሥር ላይ ተቀጥሎ ይተከላል። በ1820ዎቹ በሪችመንድ ዶክተር ዳንኤል ኖርተን ያገኘው፣ በስሙም የሚጠራው ቀይ ወይን ግን ይህን አየር በራሱ ይችላል። በ1980 የእርሻ መጥመቂያዎችን የሚያበረታታ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ቀድሞ በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የግዛቲቱ መጥመቂያዎች ዛሬ ከ300 በላይ ሆነዋል።

ሦስተኛው ጉዞ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ ከመጡት አክስቴ ጋር ነበር። እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ ሴት ስለሆኑ ይሰለቻቸው ይሆን ብዬ ሠግቼ ነበር። በርሜሎቹ ወዳሉበት ጓዳ እንደገባን ግን አንዱን ባዶ በርሜል በቀዳዳው አሽትተው «ይህማ ታጥኗል!» አሉ። እኔ ስተረጉምለት ጠማቂው ተገርሞ፣ በርሜል ሠሪው የኦክ ዛፉን ሳንቃ በእሳት እያለዘበ እንደሚያጎብጠው፣ ውስጡንም ገዢው ባዘዘው መጠን እንደሚለበልበው አስረዳን። አክስቴ ጋናቸውን በወይራ የሚያጥኑትን ያህል ማለት ነው። ቀጥለው «ጌሾውስ?» ሲሉ፣ ወይኑ ጌሾ እንደማይገባበት፣ ምሬቱንና አፍ የሚይዘውን ጣዕም ከልጣጩና ከውስጡ ዘር እንደሚያገኝ፣ ነጩ ከልጣጩ ቶሎ ስለሚለይ ለስላሳ፣ ቀዩ ግን ከነልጣጩ ስለሚብላላ ጠንካራ እንደሚሆን ሰማን። ይህን ከዚያ በፊት አራት መጥመቂያ ገብቼ አልጠየቅሁም፤ አፍሬም ይሆናል። መትፊያውን ዕቃ ስናሳያቸው ደግሞ «የተጣለ መጠጥ አይተፋም» ብለው ሁሉንም ጨረሱ። እርሳቸው አይነዱም።

ምግቡን በተመለከተ ያጠፋሁትም አለ። ብዙ ቦታ ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ አንዳንዱ ጋ ግን ክልክል ስለሆነ ሲደውሉ መጠየቅ ይሻላል። በመጀመሪያው ጉዞ ቅንጬ ላይ ብቻ ሳንወሰን በርበሬ የበዛበት ቋንጣ ፍርፍር ይዘን ሄደን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቀመስነው ቀይ ወይን ሁሉ መራራና የሚያቃጥል ሆነብን። አሁን የምይዘው ዳቦ፣ አይብና ቆሎ ነው። ቀዩን ከዶሮ ወጥ ጋር ቤት ውስጥም ሞክሬ አልተስማማኝም። የተስማማው ፔቲ ማንሴንግ የሚባለው ነጭ፣ ጥቂት ጣፋጭነት የቀረለት ነው፤ አክስቴም ብርሌ ስላልነበረን በውኃ ብርጭቆ ተቀድቶላቸው «ይኸኛው ወደ ጠጅ ይጠጋል» ብለው አስደገሙ።