ዘጠነኛዋ ማንኪያ

የመጀመሪያዎቹ ስምንት የዓሣ ማጥመጃ ማንኪያዎቼ አልሆኑልኝም። አራቱ ሳያልቁ ተሰነጠቁ። የቀሩት ደግሞ ውኃ ውስጥ ስጎትታቸው ወይ እንደ ዱላ ቀጥ ብለው ይመጣሉ፣ ወይ እንደ እንዝርት እየሾሩ ክሩን ያጠማዝዙታል። ዘጠነኛዋ ግን ትናንት ማታ በርሜል ውስጥ ግራና ቀኝ ተወዛወዘች። ልክ እንደ ቆሰለ ትንሽ ዓሣ። በጣም ደስ አለኝ፤ እዚህ እንዴት እንደደረስኩ ላካፍላችሁ።

የምሠራው ማንኪያ የሚባለውን፣ ዓሣን ወደ መንጠቆ የሚስበውን የብረት ማባበያ ነው። ለዚህ ማባበያ እ.ኤ.አ. በ1852 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው አሜሪካዊው ጁሊዮ ቡዌል ነው። ሐይቅ ላይ ማንኪያ አምልጦት ሲሰምጥ ዓሣ ሲዘልበት አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት ይባላል። ታሪኩን ስሰማ ማንኪያ ቆርጦ መንጠቆ ማንጠልጠል የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

የምጠቀመው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የነሐስ ላሜራ ነው። ቅርጹን ካርቶን ላይ ሥዬ በሚስማር ጫፍ ላሜራው ላይ እገለብጠዋለሁ። ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 2 ሴንቲ ሜትር። በቆርቆሮ መቀስ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ አድርጌ እቆርጥና ቀሪውን በሞረድ እጨርሳለሁ። የክሩንና የመንጠቆውን ሁለት ቀዳዳዎች ገና ጠፍጣፋ ሳለ ብሱት። ደግሞ ሞርሳ (ብረት ጠብቆ የሚይዝ ማሰሪያ) ላይ ይታሰር እንጂ በጣት አይያዝ፤ የመብሻው ፑንታ ላሜራውን ይዞ ከዞረ እጅ ይቆርጣል።

አሁን ወደ ስንጥቁ ልምጣ። የማጎብጠው ጎድጎድ ያለ እንጨት ላይ አስቀምጬ፣ ክብ ጭንቅላት ባለው መዶሻ እየቀጠቀጥኩ ነው። ነሐስ በተቀጠቀጠ ቁጥር ይደድራል። እኔ ግን አልጎብጥ ሲለኝ ይባስ ብዬ አጠነክርበት ነበር። መድኃኒቱ እሳት ነው። ጨለም ያለ ቦታ ላይ ፈዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ ድረስ ታግሉታላችሁ፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ ትከቱታላችሁ። እንደ ቢላ ብረት በውኃ አይጠነክርም፤ ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። መቼ መልሼ እንደማግለው ጆሮዬ ይነግረኛል። ለስላሳው ሲመታ ድምፁ ድፍን ነው፤ ሲደድር እንደ ቃጭል ይጮኻል። ያኔ መዶሻውን አስቀምጣለሁ። ለዘጠነኛዋ ሦስት ጊዜ አግያለሁ። ብቻ ከቤት ውጭ ይሁን። ነሐስ ውስጥ ዚንክ ስላለ ከልክ በላይ ከጋለ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ጭሱ ሲተነፈስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል።

ለውጥ ያመጣው ግን ጉብጠቱ ያለበት ቦታ ነው። በፊት ጥልቁን ክፍል መሐል ላይ አደርገው ነበር። በዘጠነኛዋ ወደ ጅራቷ፣ መንጠቆው ወደሚንጠለጠልበት ወሰድኩት። ክር የሚታሰርበትን ጫፍ ደግሞ በትንሹ ወደ ተቃራኒው አጎበጥኩት። ከጎን ስትታይ ወገቧ ሁለት ጊዜ የታጠፈ እባብ ትመስላለች። ውኃው ጎድጓዳውን ይገፋል፣ ትዘነብላለች፣ ያመልጥና በሌላው ጎን ይገፋታል። እኔ ለሳምንታት የደከምኩት በማወልወል ነበር፤ ሕይወቷ ግን ያለው እዚህ ጉብጠት ላይ ነው።

መንጠቆውንም ለወጥኩ። ሦስት ጫፍ ያለው ትልቅ መንጠቆ ክብደቱ ጅራቷን ይዞ ያስቀራታል። አነስ ያለውን በቀለበት ሳንጠለጥል ነጻ ሆነች። እሷ ራሷ 8 ግራም ገደማ ናት።

እርሳስ አቅልጬ ከባድ ለማድረግ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀልጥ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መርዝ ነው፤ ቅርጽ ማውጫው ላይ ጠብታ ውኃ ካለች ደግሞ በአንዴ ተንና የቀለጠውን ፊት ላይ ትረጨዋለች። ከባድ ስፈልግ ወፍራም ላሜራ እጠቀማለሁ።

የእንጨቱን ጉድጓድ በመጻፊያ እርሳስ አክብቤዋለሁ፤ አሥረኛዋ እዚያው ላይ ትሠራለች። በ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ልሞክራት ነው። ከእናንተ ውስጥ ይህን ውፍረት ያጎበጠ ካለ፣ ስንት ጊዜ እንዳጋለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።