ለአባባ ካሴቶች አምፕሊፋየር ስመርጥ

ደሴ ሆጤ በሚገኘው የወላጆቼ ቤት፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ አንድ የእንጨት ሣጥን አለ። በውስጡ 143 ካሴቶች ተደርድረዋል። አባባ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያጠራቀሟቸው ናቸው፤ ከደሴው ሙጋድ ገዝተዋል፣ ከወዳጅ ተውሰው ገልብጠዋል፣ ለመውሊድና ለሠርግ ቴፓቸውን ተሸክመው ሄደውም ራሳቸው ቀድተዋል። መንዙማ አለ፣ የማሲንቆ አምባሰል አለ፣ የክራር ባቲ አለ። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች የሁለቱ ስም የወሎ አገር ስም ነው፤ እኔ ባቲ ከተማ መሆኗን ከማወቄ በፊት ዜማውን አውቀው ነበር።

በ2016 መግቢያ ላይ የአባባ ቴፕ መጎተት ጀመረ። የዘፋኙ ድምፅ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። ላስቲኩን አስቀይሬ፣ ጭንቅላቱን ስፒርት በነካው ጥጥ ጠርጌ፣ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ላፕቶፕ መገልበጥ ያዝኩ። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት ሳይጨመቅ ሲቀዳ ከ600 ሜጋባይት ጥቂት ይበልጣል፤ ፍላክ በሚባለው፣ ከድምፁ ምንም በማይቀንሰው አቀማመጥ ደግሞ ወደ ግማሹ ይወርዳል። ስለዚህ የአባባ ሣጥን ሙሉውን አንድ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ይህን በደስታ ስነግራቸው አባባ ፈገግ አሉና፣ «መንዙማ በስልክ ሲሰሙት ልብ አይገባም፤ በቤቱ ሁሉ የሚሞላ ድምፅ አምጣልኝ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው አምፕሊፋየር ፍለጋ የገባሁት። የምፈልገው ከኢንተርኔትም፣ ከቴሌቪዥንም፣ ከፍላሽም ተቀብሎ በቀጥታ ሁለት ስፒከር የሚነዳ አንድ ትንሽ ዕቃ ነበር። ስፒከሮቹ አሉኝ፤ ለኤሌክትሪክ ያላቸው ተቃውሞ 8 ኦም ነው፣ በ1 ዋት ኃይል ከ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ይሰጣሉ። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ለዕረፍት ስትመጣ አንድ ዕቃ ይዛ ልትመጣ ቃል ገብታለች። አንድ ብቻ! ከተሳሳትኩ የሚመልስልኝ ሱቅ የለም።

ለወራት አንብቤ ሁለት ቀሩ። አንደኛው ሶኖስ አምፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተዋወቀ፣ በ8 ኦም ለእያንዳንዱ ስፒከር 125 ዋት የሚሰጥ። ሁለተኛው ዊም አምፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ በ8 ኦም 60 ዋት፣ በ4 ኦም 120 ዋት። ሁለቱም ክላስ ዲ ከሚባሉት፣ ብዙ ኃይል በሙቀት ከማያባክኑት ወገን ናቸው። ሁለቱም ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፣ ሁለቱም ከቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ይገናኛሉ፣ ሁለቱም የሳብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) መውጫ አላቸው።

በመጀመሪያ ልቤ ወደ ሶኖስ አደላ። ምክንያቱ ዋቱ ነበር። የፊዚክስ መምህር ሆኜ እንኳ 125 ከ60 እጥፍ በላይ ነው የሚለው ስሌት ዓይኔን ያዘው። ከተማው ውስጥ ደግሞ በየሱቁ «3000 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ ስለሚሸጥ፣ 60 ዋት ሲሉ ሰው እንደ መጫወቻ ነው የሚቆጥረው። አንድ ቀን ማታ የተማሪ ፈተና እያረምኩ ሳለ ወረቀት ሳብኩና አሰላሁት። ከ60 ወደ 125 ዋት መውጣት የሚጨምረው 3.2 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው፤ ለዚያ ደግሞ አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። 3 ዴሲቤል ማለት ድምፁን ትንሽ ከፍ እንደ ማድረግ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ለራሴ ገንዘብ ግን እስከዚያ ማታ አላዋልኩትም ነበር።

ወረቀት ብቻውን አላረካኝም። ኮምቦልቻ ያለ ወዳጄ ሶኖሱን ለአንድ ሳምንት አዋሰኝ። ደሴ ውስጥ የቪዲዮ ቅንብር የሚሠራ ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ ዊሙን ለሁለት ሌሊት ሰጠኝ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ዊሙ ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም።

የመጀመሪያው ምሽት ተበላሸ። ሶኖሱን አገናኝቼ ስከፍተው ድምፁ ባዶ ሆነብኝ፤ ከበሮው የለም፣ የዘፋኙ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። አባባ «ይሄ ከቴፔ በምን ይሻላል?» አሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ቅንብሩን ስነካካ ቆየሁ። ኋላ ባትሪ አብርቼ ከስፒከሩ ጀርባ ስመለከት፣ በቀኙ ስፒከር ቀዩን ሽቦ በጥቁሩ ማሠሪያ ላይ አግኝቼዋለሁ። አንዱ ስፒከር አየሩን ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሽቦውን አዙሬ ሳስር ከበሮው ሳሎኑ መሐል መጣ። አዲስ ዕቃ «ድምፁ ቀጭን ነው» ከማለት በፊት ሽቦውን ማየት ነው። ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ በእንዲህ ዓይነት አምፕሊፋየሮች ጥቁሮቹን የስፒከር ማሠሪያዎች አንድ ላይ ማገናኘት ወይም ከሌላ ዕቃ የመሬት (ግራውንድ) መስመር ጋር ማሠር ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል፤ የድሮ አምፕሊፋየር የለመደ ሰው ይጠንቀቅ።

በሁለተኛው ምሽት በሥርዓት ሠራሁት። የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል፣ ሁለቱን እኩል ማድረግ ነበረብኝ። የ100 ኸርትዝ (በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ አጫውቼ፣ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች ስፒከሩ ማሠሪያ ላይ አድርጌ፣ በሁለቱም አምፕሊፋየሮች ልክ 2 ቮልት እስኪያሳይ ድምፁን አስተካከልኩ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር በዓይኔ ያየሁት፦ 2 ቮልት በ8 ኦም ላይ ግማሽ ዋት ነው። በግማሽ ዋት እናቴ ከጓዳ፣ «ጎረቤት ተኝቷል እኮ!» አለች። 60 ይበቃል ወይስ 125 ብዬ ስጨነቅ የከረምኩበት ቤት የሚፈልገው ግማሽ ዋት ነበር። ለከበሮው ድንገተኛ ምት ሃያና ሠላሳ እጥፍ መጠባበቂያ ብንይዝ እንኳ 60ው አይሞላም።

አባባን ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ፣ ዕቃዎቹን በነጠላ ሸፍኜ፣ ያንኑ መንዙማ በየተራ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ከጭብጨባው ጋር እየመታ አዳመጡ። ስድስት ጊዜ አለዋወጥኩ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ገልጠው «ልጄ፣ አንድ ዕቃ ነው እየከፈትክ እየዘጋህ ያለኸው?» አሉኝ። እኔም በጆሮዬ መለየት አልቻልኩም።

ስለዚህ ድምፁ ዳኛ መሆኑ ቀረ። ውሳኔውን የሰጠው በማግስቱ የሆነው ነው።

ከቀትር በኋላ ኢንተርኔቱ ጠፋ። እኛ ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰዓት ሊቆይ ይችላል፣ ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ በጦርነቱ ጊዜ ያለ ኔትወርክ የተቀመጥን ሰዎች ነን። ሶኖስ አምፕ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ የለውም፣ ብሉቱዝም የለውም። በእኛ ቤት ባሉት ዕቃዎች የራስን ፋይል ለማጫወት ኮምፒውተር ወይም የኔትወርክ ማከማቻ ቤት ውስጥ በርቶ መቆየት አለበት፤ አለዚያ በመስመር መግቢያው በኩል ሌላ ማጫወቻ በሽቦ ማገናኘት ነው። ይህ ይሠራል፤ ሞክሬዋለሁ። ነገር ግን እኔ ትምህርት ቤት ስውል ላፕቶፑም ከእኔ ጋር ነው የሚውለው። ዊሙ ላይ ፍላሹን ከጀርባው ሰካሁት፤ ራውተሩ በርቶ እስካለ ድረስ ኢንተርኔት ባይኖርም በስልክ ከዝርዝሩ መርጦ ማጫወት ተቻለ። ራውተሩንም አጠፋሁት፤ የአባባ ስልክ በብሉቱዝ ተገናኘ። አባባ የሚወዷቸው ሼኽ ድምፅ ያለ ምንም ኔትወርክ ሳሎኑን ሞላው። አዲስ አበባ ሆኜ ብገዛ ይህን ነገር ከቁም ነገር አልቆጥረውም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከበሮው ነው። ሳሎናችን 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ። በአንዳንድ ካሴቶች ላይ ከበሮው ሲመታ ቤቱ አብሮ «ዉም» ይላል፣ ቃሉም ይዋጣል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 5 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 34 ኸርትዝና እጥፉ፣ 68 አካባቢ ያለው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ያብጣል። የዊሙ መተግበሪያ የፈለጉትን ድግግሞሽ ለይቶ መቀነስ ይፈቅዳል። 68 ላይ 5 ዴሲቤል ቀነስኩ። የጥላሁን ዓይነት ዘፈን ለሚሰማ ብዙ ለውጥ ላይታይ ይችላል፤ ለመንዙማ ግን ግጥሙ ጥርት ብሎ ወጣ። ሶኖሱ ላይ ያለው የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ ነው፤ ወፍራሙን ስቀንስ ከበሮው ራሱ አብሮ ይሞታል።

የድምፅ ማስተካከያ ግን ሁሉን አያድንም። ትልቁን ለውጥ ያመጣው የእናቴ ወፍራም ምንጣፍና በመስኮቱ ላይ የሰቀልነው ድርብ መጋረጃ ነው። ስፒከሮቹንም ከግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ስናመጣ ዉምታው ቀነሰ። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አላወጣንም። አምፕሊፋየር ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ይህን ሞክሮ ቢያይ እመኛለሁ።

ገንዘቡ ሦስተኛው ነው። ዊሙ ሲወጣ 299 ዶላር ነበር፤ ሶኖሱ በ599 ጀምሮ ያኔ 699 ደርሶ ነበር። ልዩነቱ 400 ዶላር ነበር። ፍለጋዬን ስጀምር በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር ልዩነቱ 22,800 ብር ነበር። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አለፈ፤ ልዩነቱም ከ40,000 ብር በላይ ሆነ። ለእህቴ ስልክ ደወልኩና «ትንሹን አምጪልኝ» አልኳት።

ሶኖሱን ግን ማንም እንዳያጣጥልብኝ። በአራት ክፍል ስፒከር ላለው፣ ኢንተርኔቱ ለማይቋረጥበት፣ ትላልቅና ኃይል ጠያቂ ስፒከሮችን በሰፊ አዳራሽ ለሚነዳ ሰው የተሻለው እሱ ሊሆን ይችላል። የኮምቦልቻው ወዳጄ ሆቴል ውስጥ ነው የተከለው፤ ለእሱ ቦታ ልክ ነው። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የአባባ ሣጥን የሚገባበት በር ስለሌለው ነው የተውኩት።

ዊሙ ከመጣ በኋላ ያደረግኩት ተጨማሪ ነገር ስታቢላይዘር መግዛት ነው። ሰፊ ቮልቴጅ የሚቀበል ዕቃ ቢሆንም፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣውን ድንገተኛ ግፊት አላምነውም። ስታቢላይዘሩ መብራት ሲመለስ ጥቂት ቆይቶ ነው የሚለቀው። የፍላሹንም ቅጂ ሁለት ቦታ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ እህቴ ጋ ዱባይ ነው።

እስካሁን 118 ካሴት ገልብጫለሁ፤ 25 ይቀራሉ። ባለፈው ዓርብ ስም ያልተጻፈበት አንድ ካሴት ስከፍት የሰው ጫጫታ መጣ፣ ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ የአንድ ሴት ድምፅ፣ «ኸረ ቴፑን ወደዚህ አምጡት!» የሚል። አባባ ከወንበራቸው ቀጥ አሉ። «እናቴ ናት» አሉ። እኔ አያቴን በሕይወት አላገኘኋትም። ድምፁን ከፍ አላደረግኩም፤ አባባ ራሳቸው ሪሞቱን አንስተው አንድ ደረጃ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ደረጃ ጨመሩ።