ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ፣ ቡናው በሰብሳቢ ሚዛን

በይርጋጨፌ አካባቢ የአንድ መሰረታዊ የቡና ገበሬዎች ማህበር ፀሐፊ ሆኜ ስመረጥ፣ የፌርትሬድ (ገዢው ከተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ በታች እንዳይከፍል የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ የፍትሃዊ ንግድ ሥርዓት) ሰርተፊኬታችን ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ጥቅምት ሲገባ ግን አባሎቻችን ቀይ እሸታቸውን ተሸክመው በበራችን እያለፉ ለሰብሳቢ ነጋዴ ይሸጡ ነበር። በጣም ተናደድኩባቸው፤ ስብሰባ ላይም ወቀስኳቸው።

ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። የለቃሚ ክፍያና የልጅ ደብተር ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የማህበሩ ካዝና በዚያ ወቅት ባዶ ነው፤ ሰብሳቢው ግን ቆጥሮ ይሰጣል። እሸት ቡና ደግሞ አያድርም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ገበሬው ዋጋ ሊከራከር የሚችለው ፀሐይ እስክትጠልቅ ብቻ ነው።

ዩኒየናችን፣ ማለትም የእኛን መሰል ማህበራት ያቀፈውና ቡናችንን ለውጭ ገዢ የሚሸጥልን ድርጅት፣ ቡናውን የሸጠበትን ውል ለማየት ጠየቅኩ። በግሌ ሦስት ጊዜ ሄጄ "ነገ ና" ተባልኩ። ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤው እንዲወስን አደረግኩና ቃለ ጉባኤውን ከማህተም ደብዳቤ ጋር ይዤ ሄድኩ። ውሉ ተሰጠኝ። ያንን ቀድሜ ባደርገው ኖሮ አንድ ወቅት አይባክንም ነበር።

ቁጥሮቹን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኳቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የታጠበ ቡና የፌርትሬድ ዝቅተኛ ዋጋ በፓውንድ 1.80 ዶላር ሆኖ ነበር፤ በኪሎ ወደ 4 ዶላር ይጠጋል። ከዚህ ላይ በፓውንድ 20 የዶላር ሳንቲም ፕሪሚየም፣ ማለትም አባላት በጋራ የሚወስኑበት ተጨማሪ ገንዘብ፣ አለ፤ ቢያንስ 5ቱ ለጥራትና ለምርታማነት ብቻ የሚውል። አንድ ሽማግሌ ተነስተው "ልጄ፣ ከዚህ ውስጥ የእኔ ቅርጫት የቱ ጋ ነው?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዋጋው መርከብ ላይ ለተጫነ ንጹህ ቡና ነው፤ አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይፈጃል። በመካከሉ የመፈልፈያ፣ የማድረቂያ፣ የትራንስፖርት፣ የዩኒየኑ ወጪ አለ። ሁለት ሳምንት ተቀምጬ እያንዳንዱን ተቀናሽ በመስመር አወጣሁና ቢሮው ላይ ለጠፍኩ። ከሰርተፊኬቱ ይልቅ ያ ወረቀት ሰው አሰባሰበ።

ትልቁ ግኝት ግን ሌላ ነበር። በፌርትሬድ ደንብ ገዢው ከተጠየቀ ከውሉ ዋጋ እስከ 60 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ መስጠት አለበት። ማንም ጠይቆ አያውቅም! ዩኒየኑ እንዲጠይቅ ወሰንን፤ ከጠበቅነው ያነሰ ቢሆንም ገንዘቡ ከለቀማ በፊት ደረሰ። በዚያ ዓመት ለቀማው በተጀመረበት ቀን ለአባሎቻችን ከፈልን።

በ2017 ዓ.ም በኒው ዮርክ ገበያ የሚወጣው የዓለም የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ዝቅተኛው ዋጋ ትርጉም አጣ፤ እሱ የተሰራው ለክፉ ቀን ነውና። ሰብሳቢዎች ከእኛ በላይ ከፈሉ፤ የሄዱም አሉ። አልተቀየምኳቸውም። የእኛ ዋጋ በየሳምንቱ እንዲከለስ አደረግን፤ ከፕሪሚየሙም የራሳችንን ሚዛንና የማድረቂያ አልጋዎች ገዛን፤ የሄዱት የተመለሱት ሚዛኑን ስላመኑት ነው።

እስካሁን የሚከነክነኝ አለ። ቡናውን የሚለቅሙትና የሚሸከሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ የአባልነት ደብተሩ ግን በባል ስም ስለሆነ በፕሪሚየሙ ላይ እጅ አያወጡም። ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ሁለት ድምፅ እንዲኖራቸው ለመጪው ጉባኤ አጀንዳ አስይዣለሁ።